ዳታቤዙ አሁን ምን እየሠራ ነው?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚሄድ መንገደኛ ሸኮን በመካከል ያገኛታል። አካባቢው የቡናና የደን ምድር ነው። የቡና ለቀማ የሚደራበት ጊዜ በኢትዮጵያ ዋነኛው የወባ ወቅት ከሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ካለው ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ስለዚህ የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች በእነዚያ ወራት የሚመዘግቡት የወባ ሕሙማን ቁጥር በወቅቱ ለወረዳው፣ ለዞኑና ለክልሉ መድረሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የጤና ሪፖርት ወር እንደ ቀን መቁጠሪያው በ30 አያበቃም፤ ከወሩ 21ኛ ቀን ተነሥቶ በቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ይዘጋል። ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት የሸኮው፣ የሚዛኑ፣ የቴፒው፣ የቦንጋውና የመላ ሀገሩ ሪፖርት አቅራቢ በአንድ ሰሞን ወደ አንድ ሥርዓት ይጎርፋል። ገጹ አልከፈት ሲል፣ የተሞላው ቅጽ አልቀመጥ ሲል፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በኔትወርኩ ላይ ያርፋል። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን መስመሩ ደኅና ሆኖ ሥራው የሚቆመው በወዲያኛው ጫፍ፣ ቁጥሮቹ በሚቀመጡበት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጫፍ ለማየት የሚያስችለውን ዘዴ ያስተዋውቃል፤ ይኸውም በአንድ ዳታቤዝ ላይ በዚህች ቅጽበት እየተሠሩ ያሉ ጥያቄዎችን መከታተል ነው።

ሪፖርቱ የሚገባበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሥሩ ግን አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ የጤና ሥርዓቷን እንደገና ስታደራጅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በሀገር ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። መረጃውን የሚያስቀምጠው ደግሞ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ባለሙያዎች ባጭሩ ፖስትግሬስ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንላለን።

ፖስትግሬስ ከተዛማጅ ዳታቤዞች ወገን ነው። የዚህ ወገን አባት በአይቢኤም ኩባንያ የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዝ ተወላጁ ኤድጋር ኮድ ነው። ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ትልቅ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ ብቻ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፤ መረጃው ዲስኩ ላይ የት እንዳለና በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት መፈለግ የማሽኑ ሥራ ይሆናል። ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው።

የሸኮው ሪፖርት በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ብናይ የኮድ ሐሳብ ግልጽ ይሆናል። የእያንዳንዱ ቅጽ እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ታላቅ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ሆኖ ይገባል። ከረድፉ ዓምዶች አንዱ ምን እንደተቆጠረ፣ ሌላው የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ሌላው የየትኛው ተቋም እንደሆነ ይናገራል፤ ቁጥሩ ራሱም የራሱ ዓምድ አለው። የተቋማት ሰንጠረዥ ለብቻው ነው። እዚያ እያንዳንዱ ረድፍ የበላዩን ይጠቁማል፦ ጤና ኬላው ጤና ጣቢያውን፣ ጤና ጣቢያው ወረዳውን፣ ወረዳው ዞኑን፣ ዞኑ ክልሉን። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የቤንች ሸኮና የሸካ ዞኖች ከነበሩበት ከደቡብ ክልል ወጥተው ወደ አዲሱ ገብተዋል። እንዲህ ባለ ሰንጠረዥ ውስጥ ይህን የሚያህል የአስተዳደር ለውጥ ለመመዝገብ የዞኖቹን ረድፍ ከአዲስ የበላይ ጋር ማያያዝ ይበቃል፤ በሥራቸው ያሉት ወረዳዎችና ጤና ጣቢያዎች ተከትለው ይሄዳሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩት የሪፖርት ረድፎች አይነኩም።

ወደ ዳታቤዙ የሚሄድ ትእዛዝ ሁሉ፣ ማንበብም ሆነ መጻፍ፣ ኩየሪ ወይም ጥያቄ ይባላል። አንዱ ጥያቄ በሺሕ የሚከፈል የሰከንድ ክፋይ ይበቃዋል፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ፖስትግሬስ ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ የራሱ ሠራተኛ ይመድባል። ይህ ሠራተኛ በኮምፒውተሩ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ሂደት ነው። ሠራተኛው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሲጨርስ ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ «ዳታቤዙ ምን እየሠራ ነው?» የሚለው ሰፊ ጥያቄ በፖስትግሬስ ላይ ጠባብና መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አሁን ምን ይዟል?

መልሱ የሚገኝበት መንገድ ከሁሉ በላይ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ፖስትግሬስ ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው በሰንጠረዥ ነው። ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባል እይታ አለው። እይታ ማለት ዲስክ ላይ ያልተቀመጠ፣ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሰናዳ ሰንጠረዥ ነው። በእይታው ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ረድፍ አለው። በሸኮ ስንት ሰው በወባ ታመመ ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየው ጥያቄ የትኛው ነው ብሎ ለመጠየቅ አዲስ ቋንቋ አያስፈልገውም። ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 ኮምፒውተርወርልድ በተባለው ጋዜጣ ላይ ባወጣቸው ዝነኛ ደንቦች በአራተኛው ላይ፣ ዳታቤዝ ስለ ራሱ አደረጃጀት የሚይዘው መግለጫ እንደማንኛውም መረጃ በሰንጠረዥ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ ሊጠየቅ ይገባል ብሎ ነበር። ኮድ የተናገረው ስለ አደረጃጀቱ ነው፤ ፖስትግሬስ ያንኑ መንፈስ ወደ ዕለታዊ እንቅስቃሴው አስፋፋው።

እይታው በአንድ ጀምበር አልተሠራም። ፖስትግሬስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የምርምር ሥራ ነበር። የእንቅስቃሴ እይታው በ2002 ከወጣው 7.2 እትም ጋር መጣ። የሠራተኛውን ሁኔታ ለብቻው የሚናገረው ዓምድ በ2012 በ9.2 እትም ተጨመረ። ሠራተኛው ምን እየጠበቀ እንደሆነ የሚገልጹት ዓምዶች ደግሞ በ2016 በ9.6 እትም መጡ። ዛሬ እይታውን የከፈተ ሰው የሂደቱን ቁጥር፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ግንኙነቱ የመጣበትን አድራሻ፣ ጥያቄው የጀመረበትን ሰዓት፣ ሁኔታውን፣ የሚጠብቀውን ነገርና የጥያቄውን ቃል በቃል ጽሑፍ ጎን ለጎን ያገኛል። የጥያቄው ዕድሜ በቅነሳ ይገኛል፤ ካሁኑ ሰዓት ላይ የመነሻውን ሰዓት መቀነስ ነው። ልዩነት ስለሆነ ሰዓቱ ከጠዋት ተቆጠረ ከእኩለ ሌሊት ለውጥ የለውም።

ጀማሪውን በብዛት የሚያሳስተው የሁኔታው ዓምድ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝግ ብለን እንሂድ። «አክቲቭ» የሚል ከሆነ ሠራተኛው ጥያቄ ይዟል። «አይድል» የሚል ከሆነ ሥራ ፈትቶ ቀጣዩን እየጠበቀ ነው። ነገር ግን ሥራ በፈታው ሠራተኛ ረድፍ ላይም የጥያቄ ጽሑፍ ይታያል፤ ይህ ጽሑፍ የጨረሰው የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ሁኔታውን ሳያዩ ጽሑፉን ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ያለቀውን ሥራ እየሠራ ያለ አድርገው ይቆጥሩታል።

ሦስተኛው ሁኔታ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ይባላል፤ የብዙ ችግር ምንጭ እሱ ነው። ትራንዛክሽን ማለት አንድ ላይ የሚጸኑ ወይም አንድ ላይ የሚሻሩ ትእዛዞች ስብስብ ነው። አንድ ፕሮግራም ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ ረድፍ ቀይሮ፣ ሳያጸናም ሳይሽርም ዝም ካለ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ይቆያል። ማቀነባበሪያውን አያደክምም፤ ማህደረ ትውስታም ያን ያህል አይበላም። ነገር ግን የነካቸውን ረድፎች ቆልፎ ይዟል። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አንዷ ነርስ የታካሚውን ካርድ ይዛ ምሳ ከወጣች፣ ካርዱ ላይ መጻፍ ያለባቸው ሁሉ እስክትመለስ ይቆማሉ፤ ቁልፉም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ያን ረድፍ መቀየር የፈለገ ሌላ ሠራተኛ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሠራተኛ ደግሞ በሁኔታው ዓምድ ላይ «አክቲቭ» ተብሎ ይታያል፤ ጥያቄ ይዟልና። እየሠራ እንዳልሆነ የሚያጋልጠው የጥበቃው ዓምድ ነው፤ እዚያ ላይ «ሎክ» የሚል ይነበባል። በዚህ የተነሣ ሰንጠረዡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዝም ብሎ የተቀመጠውን ንጹሕ አድርጎ፣ የተበደለውን ጥፋተኛ አድርጎ ሊፈርድ ይችላል።

ከዲኤችአይኤስ 2 አሠራር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሥርዓቱ ሪፖርት የሚያወጣው ከጥሬው ታላቅ ሰንጠረዥ በቀጥታ አይደለም። በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ጥሬውን መረጃ አንብቦ ለትንተና የተዘጋጁ ሰንጠረዦችን ይሠራል። አዲሶቹን በጊዜያዊ ስም አዘጋጅቶ ሲጨርስ የድሮዎቹን ያስወግድና አዲሶቹን በቦታቸው ይተካል። ሰንጠረዥን ማስወገድ በፖስትግሬስ ከቁልፎች ሁሉ የበረታውን ይጠይቃል፤ ያ ቁልፍ የሚገኘው ሰንጠረዡን የሚያነብ ማንም በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ያንኑ ሰንጠረዥ ከምሽት ጀምሮ የሚያነብ ረጅም ጥያቄ አለ እንበል፤ ለምሳሌ የክልሉን የብዙ ዓመት መረጃ በየጤና ኬላው ዘርዝሮ የሚያወጣ። የማስወገጃው ትእዛዝ እሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። እስካሁን ጉዳት የለም። ግን ፖስትግሬስ ወረፋ ያከብራል። ከማስወገጃው በኋላ የሚመጡ አንባቢዎች በሙሉ፣ በራሳቸው እርስ በርስ የማይጋጩ ቢሆኑም፣ ከኋላው ይሰለፋሉ። አንድ ረጅም ንባብና አንድ የሚጠብቅ ትእዛዝ ተደምረው የትንተናውን ገጽ ለሁሉም ያቆሙታል። ጠዋት የገባው ሰው የሚያየው የማይከፈት ገጽ ብቻ ነው። ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ቢከፍት ደግሞ በአሥር የሚቆጠሩ «አክቲቭ» ረድፎች ያገኛል፤ ከእነሱ ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ያን አንዱን ለማግኘት ፖስትግሬስ በ9.6 እትም አንድ ጠቃሚ ተግባር ጨምሯል። ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ ይባላል። የሚጠብቀውን ሠራተኛ ቁጥር ሲሰጡት ያገዱትን ሠራተኞች ቁጥር ይመልሳል። ያገደውን ደግሞ ማን እንዳገደው ይጠየቃል፤ ሰንሰለቱን እንዲህ ወደ ላይ እየተከተሉ ማንም ያላገደው ሠራተኛ ዘንድ ይደረሳል። መፍትሔ መፈለግ ያለበት እዚያ ነው።

ሥሩ ከተገኘ በኋላ ሁለት እርምጃዎች አሉ። ፒጂ ካንስል ባክኤንድ የያዘውን ጥያቄ ብቻ ያስቆማል፤ ግንኙነቱ ይቀጥላል። ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ግንኙነቱን ራሱን ያቋርጣል። ለስላሳውን አስቀድሞ መሞከር ተገቢ ነው። ትራንዛክሽን ከፍቶ በተቀመጠው ላይ ግን ለስላሳው አይሠራም፤ የሚቋረጥ ጥያቄ አልያዘምና ሁለተኛው ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ያልጸናው ለውጥ ይሻራል፤ በግማሽ የተጻፈ ሪፖርት ወደ ኋላ አይቀርም፤ ያስገባው ሰው ግን እንደገና ማስገባት አለበት። ሠራተኛውን ከፖስትግሬስ ውጭ፣ በሊኑክስ «ኪል ማይነስ ናይን» ትእዛዝ መግደል ክልክል ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። ፖስትግሬስ አንድ ሠራተኛ እንዲህ በድንገት ሲሞት የጋራው ማህደረ ትውስታ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ሌሎቹንም ሠራተኞች አስወጥቶ ከመዝገቡ ማገገም ይጀምራል። አንዱን ለማስቆም ሲባል የሀገሩ ሥራ ሁሉ ይቋረጣል።

ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ፈውስ ነው። በእኔ ግምት ሳያዩ የሚደረግ ከሆነ ጉዳቱ ይበዛል። የእንቅስቃሴው እይታ የሚያሳየው አሁንን ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ ምክንያቱ ከነማስረጃው ይጠፋል፤ በቀጣዩ ወር ከ20 በኋላ ያው ችግር ያለ ስም ተመልሶ ይመጣል። ከማጥፋት በፊት እይታውን ወደ ፋይል መገልበጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ላለፈው ጊዜ ደግሞ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የሚባል ተጨማሪ አለ፤ የትኛው ዓይነት ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀና በድምሩ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ያጠራቅማል።

መሣሪያው ወሰን አለው። የሸኮው ሪፖርት አቅራቢ ከፖስትግሬስ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ከብራውዘሩ የሚነሣው ጥያቄ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 ይሄዳል፤ ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ አስቀድሞ ከከፈታቸውና በጋራ ከሚጠቀምባቸው ግንኙነቶች አንዱን ይመድብለታል። ስለዚህ በእይታው ላይ ሁሉም ረድፎች የአንድ ተጠቃሚ ስምና የአንድ አድራሻ ይሆናሉ። የትኛው ወረዳ እንደጠየቀ ከዚያ አይታወቅም፤ ያን ለማወቅ የሶፍትዌሩን የራሱን መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። የጋራዎቹ ግንኙነቶች ቁጥር ራሱ የተወሰነ ነው። ሁሉም በቁልፍ ወረፋ ከተያዙ፣ አዲስ የመጣው ሪፖርት ፖስትግሬስ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ ደጅ ይቆማል፤ በእይታውም ላይ ፈጽሞ አይታይም።

ሌላው ወሰን እኛን በተለይ የሚነካ ነው። እይታው የእያንዳንዱን ጥያቄ ጽሑፍ የሚይዘው እስከ 1024 ባይት ነው፤ ከዚያ የተረፈው ይቆረጣል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። በአማርኛ የተጻፉ የተቋማት ስሞችን የሚደረድር ጥያቄ 341 የግዕዝ ፊደል ሳይሞላ ይቆረጣል ማለት ነው። ወሰኑ በማስተካከያ ፋይሉ ሊሰፋ ይችላል፤ ለውጡ የሚሠራው ግን ፖስትግሬስ ተነሥቶ ሲጀምር ስለሆነ ችግር ሳይመጣ አስቀድሞ ማድረግ ይበጃል።

የጥያቄ ጽሑፍ የሰውን ምስጢርም ሊይዝ ይችላል። አንድን ታካሚ በስሙ የሚፈልግ ጥያቄ ስሙን ይዞ በእይታው ላይ ይታያል። ፖስትግሬስ ይህን አስቦበታል። ተራ ተጠቃሚ የሌላውን ተጠቃሚ ጥያቄ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ እትም ደግሞ ፒጂ ሞኒተር የሚባል ሚና ተጨምሯል፤ ይህ ሚና የተሰጠው ሰው እንቅስቃሴውን ሁሉ ያያል፤ የታካሚዎቹን ሰንጠረዥ የመክፈት ሥልጣን ግን በዚህ ብቻ አያገኝም። ክትትል የሚሠራ ሰው የሁሉ አለቃ መሆን የለበትም።

ሌሎቹ ታዋቂ ዳታቤዞችም የየራሳቸው መስኮት አላቸው። ማይኤስኪውኤል «ሾው ፕሮሰስሊስት» በሚለው ትእዛዝ ይታወቃል፤ ኦራክል «ቪ ዶላር ሴሽን» የተባለ እይታ አለው፤ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርም የሚሠሩ ጥያቄዎችን የሚያሳዩ የራሱ እይታዎች አሉት። ስሙ ይለያያል፤ የሂደት ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ሁኔታና የጥያቄ ጽሑፍ ግን ከሁሉም ዘንድ ይገኛሉ።

ፖስትግሬስ ነፃ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በሚዛንም ሆነ በቴፒ ያለ ተማሪ የሚኒስቴሩን ሰርቨር ሳይነካ ሁሉንም በእጁ ሊያየው ይችላል። ሦስት መስኮቶች ይክፈት። በመጀመሪያው ትራንዛክሽን ጀምሮ የአንድን ረድፍ ቁጥር ይቀይርና ሳያጸና ይተወው። በሁለተኛው ያንኑ ረድፍ ለመቀየር ይሞክር፤ መስኮቱ መልስ ሳይሰጥ ይቆማል። በሦስተኛው ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ይጠይቅ፦ የመጀመሪያው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን»፣ ሁለተኛው «አክቲቭ» ሆኖ «ሎክ» የሚጠብቅ ሆነው ይታያሉ። የሁለተኛውን ቁጥር ለፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ ቢሰጠው የመጀመሪያውን ቁጥር ያገኛል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን በካንስል ለማስቆም ይሞክር፤ ምንም አይለወጥም። በተርሚኔት ሲያቋርጠው የሁለተኛው መስኮት ለውጥ ወዲያው ያልፋል፤ በመጀመሪያው መስኮት የተቀየረው ቁጥር ግን እንዳልነበረ ይሆናል።